ወፍራምና ተጫዋች ፊደል፦ ለርዕስና ለታፔላ የሚሆኑ ፎንቶች እንዴት ይሠራሉ?

ለንባብ የተሠራ ፎንት ሥራውን በሚገባ ሲወጣ አንባቢው አያስተውለውም። ሦስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው የሚያስታውሰው ታሪኩን እንጂ የፊደሉን ራስና እግር አይደለም። ለርዕስ፣ ለፖስተር፣ ለታፔላ፣ ለምርት መጠቅለያና ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሠራው ፎንት ግን ሌላ ግዳጅ አለበት፤ ቃሉ ገና ሳይነበብ ቅርጹ ዓይን እንዲይዝ፣ ስለ ዕቃው ወይም ስለ ዝግጅቱ ጠባይም አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲናገር ይጠበቅበታል። ከእነዚህ መካከል በጣም የወፈሩት፣ ጠርዛቸው የተድቦለቦለው፣ አንዳንዴም ዘመም ዘመም እያሉ የሚደረደሩት ፊደላት ለተመልካች ቀላል ጨዋታ ይመስላሉ። ጨዋታው ግን በጥብቅ ልኬት የተያዘ ነው፤ ልኬቱ ሲሳሳት ቀድሞ የሚጎዳውም ንባቡ ነው። በግዕዝ ፊደል ላይ ይህ ጉዳት ከላቲኑ ይልቅ ፈጥኖ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ የሚሆነው የነገሩን አመጣጥ ከላቲኑ ጀምሮ ለተመለከተ ሰው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ የአውሮፓ ማተሚያ ቤቶች ለርዕስ የሚጠቀሙት በአብዛኛው ያንኑ የመጽሐፉን ፊደል በትልቅ መጠን ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በለንደን የሎተሪ፣ የቴአትርና የሸቀጥ ማስታወቂያዎች በየግድግዳው ተደራርበው መለጠፍ ሲጀምሩ ግን የመጽሐፍ ፊደል ከሩቅ የማይታይ ሆነ። ሮበርት ቶርንን የመሳሰሉ የፊደል ቀራጮች ወፍራሙን መስመር ከወትሮው እጅግ አወፍረው፣ ቀጭኑን እንደ ፀጉር አቅጥነው አዲስ ዓይነት ፊደል አወጡ። ቀጥሎ ያስቸገረው ቁሱ ነበር፤ ትልልቅ ፊደላትን ከብረት አቅልጦ ማውጣት ውድ ነው፣ ክብደቱም አያሠራም፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝም ገጹ እኩል ሆኖ አይወጣም። ዳርየስ ዌልስ የተባለ የኒው ዮርክ አታሚ በ1827 የእንጨት ፊደልን በማሽን እየቀረጹ በብዛት የማምረትን መንገድ ካመጣ በኋላ ይህ ችግር ተቃለለ። ከዚያ ወዲህ ጥላ ያለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ አበባ የተሞላ፣ ወደ ጎን የተለጠጠ፣ ያልተሞከረ የጌጥ ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ዛሬ ሲታይ ዓይን ያደክማል።

ወፍራምና ተጫዋች ፊደል ሲባል ዛሬ ብዙ ዲዛይነሮች በቅድሚያ የሚያስቡት ግን ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ የመጣውን ኩፐር ብላክን ነው። ሠሪው ኦስዋልድ ኩፐር (1879–1940) በአሜሪካ ኦሃዮ ተወልዶ ካንሳስ ያደገ፣ ሥዕል ለመማር ወደ ቺካጎ የሄደና እዚያም ፍሬድሪክ ጎዲ በተባለ የታወቀ የፊደል ሠሪ ዘንድ የፊደል አጣጣልን የተማረ ሰው ነበር። በ1904 ከፍሬድ በርትሽ ጋር ድርጅት ከፍቶ ለማስታወቂያ የሚሆኑ ጽሑፎችን በእጁ እየሣለ ይተዳደር ነበር፤ ፊደሉ ከኮምፓስና ከማስመሪያ ሳይሆን ከእጅ የመጣ መሆኑ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለው የቺካጎ ፊደል አምራች ኩባንያ ኩፐር ብላክን በ1922 ለገበያ አቀረበ። አጥባቂ አታሚዎች ደስ ባይሰኙበትም ፊደሉ በስፋት ተሸጠ። ኩፐር ራሱ ሥራውን አርቀው ለሚያዩ አታሚዎችና አርቀው ማየት ለማይችሉ ደንበኞቻቸው የተዘጋጀ ነው ብሎ እንደቀለደ ይነገራል።

ኩፐር ብላክን ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የሚታየው ቀጥ ያለ ጠርዝ ማጣቱ ነው። በፊደል ራስና እግር ላይ የሚወጡት፣ ሰሪፍ የሚባሉት ጫፎች በዚህ ፎንት ውስጥ ሹል ወይም ጠፍጣፋ አይደሉም፤ ተድቦልቡለው ያበጡ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ፊደላቱ በመስመሩ ላይ እግራቸውን ዘርግተው አይቆሙም፤ የእያንዳንዱ እግር ታች ክብ ስለሆነ መስመሩን በጥቂቱ አልፎ ይወርዳል። የ«ኦ»ን ድምፅ የሚወክለው ክብ ፊደል ውስጡ ያለው ትንሽ ክፍተት ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ኋላ ዘመም ብሏል፤ እንደ ነጥብ የሚቀመጡት ምልክቶችም ሞላላና ያዘነበሉ ናቸው። ፎንቱን ተጫዋች ያደረጉት እነዚህ ትንንሽ ዝንባሌዎች ናቸው። ፊደላቱ ግን አንዳቸውም ከቦታቸው አልዘለሉም፣ ከፍና ዝቅም አላሉም፤ ሞቅ ያለ ጠባይ ሰጥቷቸው ሥርዓታቸውን ሳያፈርስ የተወ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። በኋላ ከተሠሩት ተጫዋች ፎንቶች ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ፊደሉ ሁሉ እየዘለለ፣ እየተገለበጠና ዓይን እያወጣ ሲመጣ ሦስት ቃል ሳይጠናቀቅ ይሰለቻል።

ክቡ ጠርዝ ሌላም ጥቅም ነበረው። ቀጥ ያለ እግር ያላቸው ፊደላት ሲደረደሩ አንዱ በጥቂቱ ዝቅ ካለ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል፤ የእነዚህ ግን አይታወቅም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ፊደል በፎቶግራፍ ዘዴ መደርደር ሲስፋፋ፣ እንደ ሌትራሴት ያሉ ከጀርባቸው ሲታሹ ወረቀት ላይ የሚለጠፉ ፊደላትም ሲበዙ ኩፐር ብላክ እንደ አዲስ ተነሣ። በብረት ዘመን እያንዳንዱ ፊደል በራሱ ጡብ ላይ ስለሚቀመጥ ሁለት ፊደላትን እስኪነካኩ ማቀራረብ አይቻልም ነበር፤ በፎቶግራፍ ግን ተቻለ፤ ተጠጋግቶ መደርደር ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ፊደል እጅግ ይስማማዋል። ፎንቱ በሙዚቃ ሸክላ ሽፋኖች፣ በሱቅ ታፔላዎችና በካናቴራዎች ላይ ታየ። በ1995 ሥራ የጀመረው ኢዚጄት አየር መንገድ ስሙን በአውሮፕላኖቹ ላይ የሚጽፈው በዚሁ ፎንት ነው። ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋር አብሮ ስለሚመጣም ስሙን ሳያውቁት የተጠቀሙበት ሰዎች ብዙ ናቸው።

አንድን ፊደል ማወፈር መስመሩን ከግራና ከቀኝ እኩል ማስፋት ይመስላል፤ አይደለም። ፊደል በሁለት ነገር ይሠራል፤ በቀለሙና ቀለሙ በከበበው ባዶ ቦታ። የፊደሉ ቁመት ሳይጨምር መስመሩ ሲወፍር ቀለሙ ቦታ የሚወስደው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ሠሪው አንድም ፊደሉን በወርድ ያሰፋዋል፣ አንድም ክፍተቱን አጥብቦ ቅርጹን እስከሚያሳውቀው ዝቅተኛ መጠን ድረስ ብቻ ይተዋል። ዓይንም የራሱ ሕግ አለው። እኩል ውፍረት ካላቸው ሁለት መስመሮች ጋደም ያለው ከቆመው ይልቅ ወፍሮ ይታያል፤ ስለዚህ ጋደም ያለው በጥቂቱ መቅጠን አለበት። ክብ ፊደል ከጎኑ ካለው ጠፍጣፋ ፊደል ጋር በትክክል እኩል ቁመት ከተሰጠው አጥሮ ስለሚታይ ከላይም ከታችም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ይጨመርለታል። ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀለም የተጠራቀመ ስለሚመስል መጋጠሚያው ይሳሳል። በወፍራም ፊደል ላይ እነዚህ ማስተካከያዎች ሁሉ ይበዛሉ። ለዚህም ነው ጥሩ ወፍራም ፎንት ከቀጭኑ ወንድሙ ተለጥጦ የማይወጣው፤ እያንዳንዱ ፊደል እንደገና ይሣላል።

ይህ ፊደል ለረጅም ጽሑፍ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በትልቅ መጠን የሚያምረው ጠባብ ክፍተት በመጽሐፍ የፊደል መጠን ሲታተም በቀለም ይሞላል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ከአንድ ፒክስል ያነሰ ሆኖ ይጠፋል። በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ርቀትም ለትልቅ መጠን ታስቦ ስለሚጠብ በትንሹ ሲጻፍ ቃላቱ ጥቁር ድፍን ይሆናሉ። አንድ ሙሉ አንቀጽ በእንዲህ ያለ ፎንት መጻፍ የሠርግ ካባ ለብሶ እርሻ እንደ መውረድ ነው።

ተጫዋችነትን በኮምፒዩተር ማምጣት የራሱ ጥበብ ጠይቋል። በእጅ የሚጽፍ ሰው በአንድ ቃል ውስጥ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ቢመጣበት ሁለቱን ፍጹም አንድ አድርጎ አይሥላቸውም። ፎንት ግን አንዱን ቅርጽ ደጋግሞ ያትማል፤ በተለይ ያዘነበለ ወይም የተንሻፈፈ ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲመጣ በእጅ የተሣለ የመሰለው ነገር ሁሉ ወዲያው ይጋለጣል። ኦፕንታይፕ የሚባለው የፎንት ቅርጸት ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ሠሪው ለአንድ ፊደል ሁለት ወይም ሦስት ቅርጽ አዘጋጅቶ «ይህ ፊደል በቅርብ ከታየ ሁለተኛውን ተጠቀም» የሚል ትእዛዝ በፎንቱ ውስጥ ያስገባል። ተጠቃሚው የሚጽፈው ያው ፊደል ነው፤ የሚለዋወጠው መልኩ ብቻ ነው። ትእዛዙ የሚሠራው ግን ፕሮግራሙ የሚደግፈው ሲሆንና ተግባሩ ሲበራ ስለሆነ፣ ፎንቱ በማስታወቂያው ላይ የታየውን ያህል አላምር ያለው ሰው መጀመሪያ ይህንኑ ቢመለከት ይጠቀማል።

ወደ ግዕዝ ፊደል ስንመጣ ከሁሉ በፊት የሚታየው ብዛቱ ነው። ለእንግሊዝኛ የርዕስ ፎንት የሚሠራ ሰው ሃያ ስድስቱን ትልልቅ ፊደላት፣ አሥሩን አኃዞችና ጥቂት ሥርዓተ ነጥቦችን ሠርቶ ለገበያ ሊቀርብ ይችላል። ለአማርኛ ግን ከሠላሳ የሚበልጡ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት ቤት ተባዝተው፣ ዲቃሎቹ እነ ሏ፣ ሟና ቧ ተጨምረው፣ ሃያው የግዕዝ ቁጥሮችና ነጥቦቹ ተደምረው ከሦስት መቶ በላይ ቅርጽ መሣል ግድ ነው። ለአንድ ታፔላ ብሎ ይህን ያህል የሚደክም ጥቂት ነው፤ በመንገድ ላይ የምናያቸው የሚያምሩ የአማርኛ ጽሑፎች ብዙዎቹ ለዚያ ቃል ብቻ በእጅ የተሣሉ እንጂ ፎንት ያልሆኑትም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ብዛቱ ጊዜ ቢሰጠው ያልቃል። ከባዱ የግዕዝ ፊደል ልዩነት የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሠሪው አንድ የዳቦ መሸጫ ታፔላ ላይ «ዳቦ ቤት» ብሎ በወፍራምና ተጫዋች ፊደል ሊጽፍ ነው እንበል። «ዳ» ራብዕ መሆኑ የሚታወቀው የግራ እግሩ አጥሮ የቀኙ በመርዘሙ ነው። «ቦ» ሳብዕ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በተቃራኒው የቀኝ እግሩ አጥሮ የግራው በመርዘሙ ነው። ሠሪው ለጨዋታ ያህል የአንዱን እግር ቢያስረዝም የሌላውን ቢያሳጥር፣ ወይም ፊደሉን ወደ ጎን ቢያዘነብለው፣ የሚነካው ጌጡን ብቻ አይደለም፤ ድምፁን ነው። ላቲን ፊደል እግሩ ቢረዝም ያው ፊደል ነው፤ እኛ ዘንድ ግን እግር አናባቢ ነው። «ቤ» ደግሞ ሐምስ የሚሆነው በቀኝ እግሩ ግርጌ ባለችው ትንሽ ቀለበት ነው። መስመሩ በወፈረ ቁጥር የቀለበቷ ቀዳዳ ይጠባል፤ የተደፈነች ዕለት ቀለበት መሆኗ ቀርቶ የሣልስ ቅጥያ ትመስላለች፤ ታፔላውም «ዳቦ ቢት» ይላል። አላፊው መንገደኛ ከልማድ አስተካክሎ ያነበዋል፤ ቃሉ እንግዳ የሰው ወይም የድርጅት ስም ቢሆን ግን የሚያስተካክልበት ነገር የለውም።

ማድቦልቦልም የራሱ አደጋ አለው። «በ» እና «ሰ» የሚለያዩት በትከሻቸው ነው፤ የመጀመሪያው አናት ጠፍጣፋ ነው፣ የሁለተኛው ወደ ላይ ሾጠጥ ይላል። ሁሉንም ጠርዝ በአንድ ልክ የሚያድቦለቡል ፎንት ሁለቱን ወደ አንድ ቅስት ይወስዳቸዋል፤ «በላ» እና «ሰላ» ሁለቱም ትክክለኛ የአማርኛ ቃላት ስለሆኑ አንባቢን የሚያድነው ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ይሆናል፣ ታፔላ ላይ ደግሞ ዐረፍተ ነገር የለም። «ዐ»፣ «ወ» እና «ፀ» ሦስቱም ክብ ናቸው፤ የሚለያቸው ውስጣቸው ነው፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ በቁም የተከፈለ፣ አንዱ በአግድም የተከፈለ። ክቡ ሲወፍር ውስጡ ስለሚያንስ ከፋዩን መስመር ከሌላው መስመር ሁሉ አቅጥኖ መሣል ካልተቻለ ሦስቱም ድፍን ኳስ ይሆናሉ። ሦስት እግር ያላቸው ጠ፣ ሐ እና ጨ በእግሮቻቸው መካከል ሁለት ሁለት ክፍተት ስለሚፈልጉ ከሌሎቹ በወርድ መስፋት አለባቸው። «ሰ»ን «ሸ»፣ «ተ»ን «ቸ» የሚያደርገው የራስ ላይ ሰረዝም ከፊደሉ አናት ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር ቦታ ይሻል። የግዕዝ ቁጥሮች ከላይና ከታች ሰረዝ ስላላቸው በወፍራም ፎንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የከፉት እነሱ ናቸው፤ ብዙ ሠሪዎች ጨርሶ ይተዉአቸዋል፤ ለበዓል ፖስተር የሚፈለጉት ግን እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ የግዕዝ ፊደል ውፍረትን አይወድም ማለት አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን ጎልቶ የወጣው ጉልህ የሚባለው የብራና አጻጻፍ ትልልቅና ደማቅ ነበር፤ ረቂቅ ከሚባለው ቀጭን አጻጻፍ የሚለየውም በዚህ ነው። የመቃ ብዕር የቆመውን መስመር አወፍሮ አግድሙን ማቅጠኑ ራሱ ለሠሪው ጥሩ መንገድ ያሳያል፤ ውፍረቱን በቆሙት እግሮች ላይ ጭኖ አግድሙንና ቀለበቱን ማሳሳት ክፍተቶቹን ያድናል። ጸሐፍቱ ግን አንድን ነገር ከሌላው ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ የፊደሉን ቅርጽ ከመለወጥ ይልቅ ቀለሙን ቀይ ያደርጉ ነበር፤ ጌጡንም በገጹ ራስጌ በሚሣለው ሐረግ ላይ ያፈሱት ነበር። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለሌለው ጽሕፈት ይህ ብልህ መላ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አንድ ዲዛይነር ፊደሉን ከማንሻፈፍ ይልቅ በቀለምና በዙሪያው ባለው ሥዕል ቢጫወት ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

በየማተሚያ ቤቱ በብዛት የሚታየው ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ጸሐፊው «ቦልድ» የሚለውን ሲጫን ኮምፒዩተሩ ያልተሣለ ወፍራም ፊደል ከየትም አያመጣም፤ ያለውን ቅርጽ በደፈናው ያወፍረዋል። ለፖስተር የሚሠሩት ደግሞ በፊደሉ ዙሪያ «ስትሮክ» የሚባለውን የጠርዝ መስመር ይጨምራሉ። በሁለቱም መንገድ ቀለሙ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም እኩል ስለሚሰፋ ከላይ የተነገረው የክፍተት፣ የመጋጠሚያና የቀለበት ጥንቃቄ ሁሉ ይቀራል፤ የ«ቤ» ቀለበት ቀድማ የምትደፈነውም እዚህ ነው። ወርዱን ጎትቶ መለጠጥ ከዚህ የባሰ ነው፤ የቆሙትን መስመሮች ሲያወፍር አግድሞቹን እንዳሉ ይተዋቸዋል። በእውነት በየውፍረቱ የተሣለ ፎንት ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ድረስ ደረጃ በደረጃ ተዘጋጅተው በነፃ ይገኛሉ። ተጫዋች አይደሉም፤ ግን ለእጅ ሥራ መነሻ የሚሆን ትክክለኛ ወፍራም ቅርጽ አላቸው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ የኮምፒዩተር ኮድ በሚሰጠው ሥርዓት፣ የተካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና በዚያው አካባቢ የተሠሩ ጌጠኛ ፎንቶች በየራሳቸው ኮድ የሚሠሩ ስለነበሩ በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ሌላ ፎንት ሲቀየር ወይም ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ይለወጣል። ለአንድ ታፔላ ይህ ላያሳስብ ይችላል፤ ቃሉ ነገ በቢዝነስ ካርድ፣ በድረ ገጽና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደገም ከሆነ ግን ፎንቱ ዩኒኮድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ገልብጦ ስልክ ላይ በመልእክት ቢልኩት በአማርኛ መነበብ አለበት።

ከመምረጥ በፊት ፎንቱን በሚያማምሩት ፊደላት ሳይሆን በአስቸጋሪዎቹ መፈተን ይበጃል። ዐ ወ ፀ፣ በ ሰ ሸ፣ ባ ቦ፣ ቢ ቤ፣ ጠ ጨ ሐ፣ ሏ ሟ ብሎ በአንድ መስመር ጽፎ፣ ታፔላው ከሚታይበት ርቀት ጋር የሚመጣጠን ያህል አሳንሶ ማየት በቂ ነው። ጽሑፉን ለማያውቅ ሰው አሳይቶ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማድረግ ደግሞ የበለጠ ያጋልጣል፤ ቃሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የተደፈነችውን ቀለበት አያያትም።

ፈቃዱም መታየት አለበት። በነፃ የሚወርዱ ብዙ ጌጠኛ ፎንቶች «ለግል አገልግሎት ብቻ» የሚል ቃል ተያይዞባቸዋል፤ በእነሱ የሱቅ ታፔላ ወይም የምርት መጠቅለያ መሥራት ክፍያ ይጠይቃል። ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባለው ፈቃድ የወጡት ግን ለንግድም ይሠራሉ፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ባይፈቀድም ቅርጹን አሻሽሎ እንደገና ማሰራጨት ይፈቀዳል፤ የመጀመሪያው ሠሪ ስሙን ካስጠበቀ ደግሞ የተሻሻለው በሌላ ስም መውጣት አለበት። የተመረጠው ፎንት በዚህ ፈቃድ የወጣ ከሆነና ጉድለቱ የ«ቤ»ና የ«ሌ» ቀለበት መጥበብ ብቻ ከሆነ፣ የፎንት ማረሚያ ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ሐምሶቹን ብቻ ከፈት አድርጎ ሊያስተካክለው ይችላል።